ለሽማግሌ የተሠራ ሾክ

ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው ጫማ ሲፈልጉ ያየ ሰው ቢስቅ ነውር ነው፤ ባይስቅ ደግሞ ይታመማል። ሱሀይብ በዓይኑ አላየም፤ በስልክ ነው የሰማው፤ ስለዚህ አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ያን ጠዋት የተላኩት ለእሱ ሚስት ሊጠይቁ ነበር። የጠፋው ጫማ የጋሽ ሙላው ቢሆንም የጠፋው ዕድል የእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱሀይብ ጆርጂያ ውስጥ፣ ዶራቪል በምትባል ከተማ፣ አንድ ጋራዥ የሚሠራ የሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ ነው። ሰልዋን ያገኛት የመኪናዋ ፍሬን እየጮኸ ሲያስቸግራት ነበር። ፍሬኑ በአንድ ቀን ተሠርቶ አለቀ፤ የሁለቱ ወሬ ግን ይኸው ሁለት ዓመት አላለቀም። አባቷ አቶ ኢህሳን ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው ሲበቃቸው ከኬኔሶ ወዲያ ጫካ መሃል መሬት ገዝተው በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ኮረብታ ላይ ነው። ወደ ቤታቸው የምትወስደውን መንገድ «መንገድ» ብሎ ለመጥራት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ግማሽ ማይል ቀይ አፈር ናት፤ ዝናብ ቦርቡሯታል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ላይ ይወጣል። ሰው «ለምን አያስጠግኗትም?» ሲላቸው አቶ ኢህሳን፣ «የሚወደኝ ይመጣል፤ ዕቃ ሊሸጥልኝ ያሰበ ይቀራል» ብለው ይመልሳሉ።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት በጋሽ ሙላው ካምሪ ነበር። ካምሪዋ የመንገዱን ሩብ እንኳ ሳትጨርስ በሆዷ ተኛች። የሱሀይብ አጎት ሐጂ ሸፊቅ ጉልበታቸው በቅርብ ጊዜ በቀዶ ጥገና የተቀየረ ስለሆነ ዳገቱን በእግር አይወጡም፤ መኪና ውስጥ ሆነው ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ሙላውና ጋሽ ተገኝ ወርደው ገፉ። በዱዓውም በግፊያውም ካምሪዋ ወጣች፤ የጋሽ ሙላው ግራ ጫማ ግን እዚያው ቀረ። በአንድ እግር ጫማ ልጅ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ተመለሱ። አቶ ኢህሳን ወሬው ሲደርሳቸው ስቀው ስቀው ሲያበቁ አንድ መልእክት ላኩ፦ «ደጄን ያልረገጠ ሽማግሌ አልጠየቀኝም።»

በማግስቱ ሰልዋ ደወለች።

«ሱሀይብ፣ ሊስን። ከሮዝዌል ሌሎች ሰዎች አባቴን ቀጠሮ ጠይቀውታል። ልጁ ዴንቲስት ነው። የዛሬ አራት ሳምንት እሑድ ይመጣሉ።»

«እና እምቢ አትይም?»

«እላለሁ እንጂ! ግን አባቴ ሽማግሌ ፊት እንዲያፍር አልፈልግም። ያንተዎቹ ቀድመው ከደረሱ 'ልጄ ተጠይቃለች' ብሎ በክብር ይሸኛቸዋል። ሦስት ሳምንት አለህ። ፕሊስ፣ በዚያች ካምሪ እንዳትልካቸው።»

ሱሀይብ ስልኩን ዘግቶ ወደ ጋራዡ ጓሮ ወጣ። እዚያ የ94 ቶዮታ ፒካፕ አለችው፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት። ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ እንደ በግ ገዢ ይመረምራት ጀመር።

«ጂፕ ተከራይና ተገላገል» አለው የጋራዡ በያጅ ሀብቶም።

«ኮንትራቱን አንብበኸው ታውቃለህ? ከአስፋልት ከወጣህ ኢንሹራንስ የለህም ይላል።»

ኮንትራቱ እውነት ነው። ከኮንትራቱ በላይ ግን ኩራቱ ነው፤ መካኒክ ሆኖ ሚስቱን በኪራይ መኪና ሊያስጠይቅ አልፈለገም።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጋራዡ ሳይከፈት፣ ፒካፗን በክሪክ አነሷት። የፊት ጎማዋ ጥቂት ወረደና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አየኸው?» አለ ሱሀይብ ከሥሯ ተኝቶ፣ ከጎማው አጠገብ ያለውን ንዝረት የሚያበርድ ዘንግ እየነካ። «የያዘው ሾኩ ነው። እዚህ ሲደርስ ያልቅበታል። ጉድጓዱ ከዚህ ከጠለቀ ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይጎትትም።»

«እና ረጅም ሾክ ግጠምላታ።»

«ልገጥምላት ነው!»

ገጠመላትም። ረጃጅም ሾኮች ገዝቶ፣ አጭሮቹን ፈቶ፣ እነዚያኑ ቡሎኖች መልሶ አሰረና በአንድ ሰዓት ጨረሰ። ደስ ብሎት ተነሥቶ ፓርኪንጉ መሃል ባለችው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ነዳት። ጓ! አለ። አንዱ ሾክ ተጣሞ፣ ላይኛው ማሰሪያው ታጥፎ ቆመ። ሱሀይብ ጮኸ፤ ቁልፍም ወረወረ። ሀብቶም በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለው ዓይኑን እየጠረገ። «ወንድሜ፣ ረጅም ሾክ ሲዘረጋ ብቻ አይደለም ረጅም የሚሆነው፤ ሲታጠፍም ረጅም ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ሰጠኸው?»

አልሰጠውም። ይህን እኮ ያውቃል፤ ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ አንድም ቡሎን ሳይነካ ሜትር ያወጣ ነበር። ፍቅር ግን ሜትር አያስወጣም።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ለካ። ጎማው እስከ ላይ ሲወጣ ስንት ኢንች፣ እስከ ታች ሲወርድ ስንት ኢንች፤ ጻፈ፣ ሜትሩን ጠቀለለ፣ እንደገና ለካ። ሀብቶም የሾኩን ላይኛ ማሰሪያ ቆርጦ አራት ኢንች ከፍ አድርጎ በየደው። የጎማውን ክንድ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያቆመውን ወፍራም ላስቲክ በስስ ቀየሩት። ያን ጊዜ ጎማው ወረደ ወረደና የፍሬኑ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ረጅም ቱቦ ገጠሙለት። ጎማው ያለ ልክ ወርዶ አክሱሉ እንዳይነቀል ደግሞ ጠንካራ ቀበቶ አሰሩለት፤ «እስከዚህ ውረድ፣ ከዚህ በኋላ በቃህ» የሚለው እሱ ነው።

የቀረው ክብደት ነው። ሱሀይብ አጎቱን በስልክ «ስንት ኪሎ ነዎት?» ሲላቸው፣ «ልታርደኝ ነው?» አሉት። ጋሽ ሙላው ደግሞ ቁጥራቸውን ለሐኪምም እንደማይናገሩ ገለጹ። ስለዚህ በግምት ሄደ። ከጎረቤት ግሮሰሪ ሩዝ በጆንያ አምጥቶ ወንበሮቹ ላይ ደረደረ፤ ለሐጂ ሸፊቅ ሦስት ጆንያ፣ ለጋሽ ተገኝ ሦስት፣ ለጋሽ ሙላው፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ አምስት። ሁሉንም በቀበቶ አሰራቸው። ለሙከራ ይዟት ወጥቶ ቀይ መብራት ሲይዘው አጠገቡ የቆመችው ሴትዮ ሩዙን አየች፣ እሱን አየች፣ መስኮቷንም ዘጋች።

ጋራዥ ሲመለስ ከሀብቶም ጋር የግራ የፊት ጎማዋን ዕቃ በሚያነሣው ፎርክሊፍት አነሱት። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። የድሮው ሾክ ቢሆን ገና ድሮ ሌላው የፊት ጎማ መሬቱን ለቅቆ ነበር። አሁን ግን ፒካፗ ወገቧን እንደ እስክስታ ወራጅ ጠመዘዘች እንጂ ሦስቱ ጎማዎቿ መሬቱን አጥብቀው ያዙ። ከሥራቸው ወረቀት ሊያስገቡ ቢሞክሩ እምቢ አላቸው። ሁለቱ ጎልማሶች ተቃቅፈው ዘለሉ። ሱሀይብ የመጀመሪያውን ጆንያ፣ ማለትም አጎቱን፣ ግንባሩን ሳመው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መኪናዋን ሊያዩ መጡ። ዞሯት፣ በእጃቸው መታ መታ አደረጓት፣ መረቋት። ከዚያ ሐጂ ሸፊቅ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው፣ «ይኼ ሦስተኛው ፔዳል ምንድን ነው?» አሉ።

ፍሪሲዮን ነበር። ሐጂ ሸፊቅ የተቀየረው ጉልበታቸው ግራው ነው፤ አይረግጡትም። ጋሽ ሙላው፣ «ሠላሳ ዓመት ኦቶማቲክ ስነዳ ግራ እግሬ ሥራ ፈት ሆኖ ነው የኖረው፤ አሁን በምን ዕዳው?» አሉ። ጋሽ ተገኝ ዓይናቸውን ካመማቸው ወዲህ መንዳት ትተዋል። ሀብቶም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል።

«ራሱ ይንዳታ» አሉ ጋሽ ተገኝ፣ በወር አንዴ የሚናገሩት።

«እንዴት ነው ራሱ?» ጋሽ ሙላው ተቆጡ። «ለራሱ ሚስት ራሱ ሽማግሌ ሊሆን? እንዲህ ያለ ጉድ የት አገር አለ? ጠያቂ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም!»

ሐጂ ሸፊቅ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «አቶ ኢህሳን ልጁን አይተውት አያውቁም። ኮፍያ ያድርግ፤ ጥቁር መነጽር ያድርግ፤ እኛ ስንገባ እሱ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ቃል አይተንፍስ። ሹፌር ነው፤ በቃ።»

ሁሉም «በጣም ጥሩ!» አሉ። የሦስቱ ዕድሜ ቢደመር ከሁለት መቶ ዓመት ያልፋል። ያ ሁሉ ዕድሜ ተሰብስቦ አንዲት ተራ ነገር ሳያስብ ቀረ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሐጂ ሸፊቅና ጋሽ ሙላው ከፊት፣ ጋሽ ተገኝ ከኋላ ባለችው ጠባብ ወንበር፣ ነጭ በነጭ ሆነው ተነሡ። ማታውን ዝናብ ጥሎ ነበር። መንገዷ አፍ ላይ ሲደርሱ ሱሀይብ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረገና ማርሹን አሳነሰ። በዚህ ዳገት ላይ ከተያዘ ሰልዋን ከጠየቀ ሰው ይልቅ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ የከተተ ሰው ሆኖ ነው የሚታወሰው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ። ሐጂ ሸፊቅ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ፤ ጋሽ ሙላው «በስመ አብ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቀኙ ጎማ ወረደ። ጎማው አሁንም ወረደ፤ ታቹን አገኘ፣ ነከሰው፣ ጎተተም። ሽማግሌዎቹ የተሰማቸው ሰው በእሺታ ራሱን እንደሚነቀንቅ ያህል ነው።

«ገባን?» አሉ ጋሽ ሙላው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አለፍነው ጋሼ።»

«ጉድጓዱን?»

«ጉድጓዱን።»

ጋሽ ሙላው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ሁለተኛው ጉድጓድ መጥቶ ሲያልፍ ሁለተኛውንም ገለጡ። በሦስተኛው ላይ ሐጂ ሸፊቅ «ኧረ ይቺ ነገር!» አሉ። በአራተኛው ፒካፗ በግራ ወጥታ በቀኝ ስትወርድ ጋሽ ሙላው ሐጂ ሸፊቅ ላይ ተደፉ፤ ሐጂ ሸፊቅ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። ከኋላ ጋሽ ተገኝ፣ የወሩን ድርሻ ገና ዓርብ የጨረሱት ጋሽ ተገኝ፣ «ድገማት!» ሲሉ ተሰሙ።

«ጫማዬ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሙላው በድንገት። እውነትም ከጭቃው ውስጥ አፍንጫው ብቅ ብሏል። «ቁም! ጫማዬ ነው!»

«አልቆምም ጋሼ፣ ከቆምኩ አንነሣም!»

«አዲስ እኮ ነው!»

«ለሠርጉ እገዛልዎታለሁ!»

ጭቃው በመስኮት ግራና ቀኝ እየተረጨ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጣሪያውን በእጃቸው ደግፈው እየሳቁ ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቅ አሉ። ሱሀይብ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደፋ።

አቶ ኢህሳን በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌ እንግዲህ ለዚህ ጉዳይ ሲመጣ ፊቱን ኮስተር፣ ድምፁን ዝግ ማድረግ አለበት። እነዚህ ግን ከመኪና የወረዱት የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ ነው። ሐጂ ሸፊቅ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ሳይጨርሱ ጋሽ ሙላው በአፍንጫቸው ፈነዱ።

«ወዓለይኩም ሰላም። በደስታ ነው የመጣችሁት መሰለኝ» አሉ አቶ ኢህሳን። «ደጄን ረገጣችሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ፣ መልሱም ሳይሰጠን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሸፊቅ፣ በብዙ ትግል ፊታቸውን ሰብስበው። ወጉ ነው፤ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺታውን ሳያገኝ ወንበር አይነካም።

«ይሁን፣ ቆማችሁ ተናገሩ። ሹፌራችሁስ?»

«እሱ… መኪና ይጠብቃል» አሉ ጋሽ ሙላው።

«ከማን? ከበጎቼ?» አቶ ኢህሳን ደረጃውን ወረዱ። «እኔ ሃያ ዓመት ሹፌር ሆኜ በየሰው ደጅ ተቀምጫለሁ። ከእኔ ቤት ሹፌር ውጭ አይቀርም። ልጅ! ና ግባ!»

ሱሀይብ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ «ደህና ነኝ፣ ታንክ ዩ» አለ። አቶ ኢህሳን በሩን ከፍተው ክንዱን ያዙ። ከዚያ በኋላ ማን እምቢ ይላል? ይሉኝታ ከወገብ በታች ያለውን አጥንት ያቀልጣል። ሱሀይብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ፣ በጥቁር መነጽሩ እየተደነቃቀፈ ገባ። እነሆ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ ጠያቂው ራሱ ብቻውን በክብር ወንበር ተቀመጠ፤ የቂጣ ፍርፍርም ቀረበለት።

ሰልዋ የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። አንገቷን ደፍታ ማስታጠቢያውን ዘረጋች፣ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለች፣ ከዚያ ብየዳ ያቃጠለውን አውራ ጣት አየች። ቀና ስትል ኮፍያውን፣ መነጽሩን፣ የሚንቀጠቀጠውን ከንፈር አየች። «ህምፕ!» የሚል ድምፅ አመለጣትና ውኃው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ በሩ አጠገብ ግን ቆመች።

አቶ ኢህሳን የረጠበውን ሱሪ አዩ፤ በሩንም አዩ። «እሺ፣ ሐጂ፣ ይናገሩ» አሉ።

ሐጂ ሸፊቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ሰልዋን ለልጃችን ለሱሀይብ እንዲሰጡን ነው አመጣጣችን። ልጃችን አምስት ወቅት ሶላቱን አንዲት ቀን አጓድሎ የማያውቅ ነው። የተረጋጋ፣ ችኩልነት ያልፈጠረበት ነው።»

«ቁጣ የሚባል አያውቅም» ቀጠሉ ጋሽ ሙላው። «ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማ የለም። እኔ እንዲያውም ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።»

«ውሸትም አያውቅም» ብለው ጋሽ ተገኝ አሳረጉ፤ ይህን ሲሉ ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሹፌር ላለማየት ጣሪያውን ያዩ ነበር።

«ማሻአላህ» አሉ አቶ ኢህሳን። «እንዲህ ያለ ሰው ጆርጂያ ውስጥ መኖሩን አልሰማሁም ነበር።» ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ሱሀይብ አዞሩ። «አንተ ልጅ። ሽማግሌ ያላየውን ሹፌር ያያል፤ ይህን እኔ አውቃለሁ። ልጁን ታውቀዋለህ?»

ሱሀይብ የያዘውን ጉርሻ መለሰ። «አውቀዋለሁ።»

«አሁን የተባለው ሁሉ እውነት ነው?»

ሱሀይብ ሽማግሌዎቹን አየ። ሐጂ ሸፊቅ በዓይናቸው «አዎ በል» እያሉ ነው። አዎ ቢል ነገሩ ያልቃል፤ ሰልዋን ያገኛል። ግን አባቷን ቤታቸው ውስጥ፣ ምግባቸውን እየበላ ሊዋሻቸው ነው፤ ያውም ዕድሜ ልኩን አባቴ ብሎ የሚጠራቸውን ሰው። መነጽሩን አወለቀ።

«የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሒ፣ ያመልጠዋል» አለ። «አንዳንዴ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። ችኩል ነው። ይቺን መኪና ሲሠራ ሳይለካ ሾክ ገጥሞ ሰብሯል። ያን ቀን ጮኋል፤ ቁልፍም ወርውሯል።»

ሐጂ ሸፊቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ሙላው ሳል ያዛቸው።

«ግን የሰበረውን ራሱ ፈታው» አለ ሱሀይብ። «ለክቶ እንደገና ሠራው። ሦስት ሳምንት በየማለዳው እዚያች መኪና ሥር ሲተኛ የሚያስበው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጅዎን በጣም ይወዳታል። ሌላ የሚመካበት ነገር የለውም።»

ውጭ አንድ በግ ጮኸ። አቶ ኢህሳን ወደ ጓዳው በር ዞሩ።

«ሰልዋ፣ ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

ሰልዋ ከበሩ ወጣች። ሳቋ አልለቀቃትም፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። «ሽማግሌዎቹ ያሉትን ልጅ አላውቀውም አባዬ» አለች። «እኔ የማውቀው ሹፌሩን ነው።»

«እኔም እንደዚያ ነኝ» አሉ አቶ ኢህሳን ወደ ሽማግሌዎቹ እየዞሩ። «ያን ሁሉ ጸባይ የተሸከመውን ልጃችሁን አልፈልገውም፤ እሱ ከመላእክት ጋር ይኑር። ልጄን ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ፣ እግራችሁ ደከመ።»

እልል ያሉት ጋሽ ሙላው ናቸው፤ ወንድ መሆናቸውንም ረስተው። ሐጂ ሸፊቅ ወንበሩ ላይ ሲወድቁ ጋሽ ተገኝ ሁለቱንም እያቀፉ ይስቁ ነበር። ሱሀይብ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አቶ ኢህሳን ትከሻውን ይዘው አነሡትና ግንባሩን ሳሙት። አንድ ነገር ሊላቸው አፉን ከፈተ፤ የወጣለት ግን ሳቅ ብቻ ነው፤ ከሳቁም ጋር እንባው ተከትሎ ወረደ። ሰልዋ ፎጣ ይዛ መጣች።